ቆላ የሌላት ኢትዮጵያ

ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር የሰው እግር ይዞ አልለቅም ይላል። መንገዱ ይጨቀያል፤ ልጆችም ቤት ይውላሉ። ባለፈው ክረምት እንዲህ ባለ ቀን የእህቴ ልጅ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር በአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ጎረቤታችን ጦርነቱ በ2023 ሲፈነዳ ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ ቤተሰብ ነው። ሁለቱ ልጆች ተራ በተራ የሚጫወቱት «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን፣ መንግሥት መሥርቶ በዘመናት ውስጥ የማሳደግ ጨዋታ ነበር። የእህቴ ልጅ ሁልጊዜ የሚይዘው ወገን ኢትዮጵያ ናት። በዚያን ቀን ግን ሮምን ይዞ ተሰልፏል።

«ምነው፣ ምኒልክን ከድተህ ከሮም ጋር?» አልኩት ለቀልድ።

«ጋሼ፣ የእኛ ወገን እኮ ኮረብታ ካላገኘ ዋጋ የለውም። ሜዳ ላይ ከወረደ አለቀለት» አለኝ ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል።

ጓደኛውም ቀበል አድርጎ የእሱ ወገን ኑብያ ከበረሃና ከወንዝ ዳር በቀር ፒራሚዱን የሚተክልበት መሬት እንደሌለው ነገረኝ። እኔም በበሩ በኩል ወደ ውጭ ተመለከትኩ። ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ሜዳ ነው። ተራራ የለም፤ በረሃም አይደለም። ማሽላና ሰሊጥ የሚበቅልበት፣ እስከ መተማና ሁመራ የሚዘልቅ ጥቁር ሜዳ ነው። ሁለቱ ልጆች የሚኖሩበት ዓለም በሁለቱም ወገኖቻቸው ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ውድ አንባብያን፣ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ብላችሁ ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ጥቂት ታገሱኝ። ዛሬ ስደት ላይ የሚያድግ ልጅ ስለ አገሩ የሚሰማው ከአያቱ ብቻ አይደለም። አያቱ ምናልባት ሩቅ ናት፤ ምናልባትም የለችም። ጨዋታው ግን በየቀኑ ከፊቱ አለ። ስለዚህ ጨዋታው ስለ ወገናችን የሚለውን መመርመር የአዋቂዎች ጉዳይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የሲድ ማየር «ሲቪላይዜሽን» መጀመሪያ የወጣው በ1991 ነው። የኢትዮጵያ ወገን በአራተኛው ዕትም የገባችው በ2007 ሲሆን፣ ያውም በመጀመሪያው ሳጥን ሳይሆን «ቢዮንድ ዘ ሶርድ» በተባለው ተጨማሪ ጥቅል ነው። መሪዋ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነበሩ። ልዩ ወታደሯ ደግሞ «የኦሮሞ ተዋጊ» የተባለ ጠመንጃ ያዥ ነበር። እንግዲህ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት ከ1434 እስከ 1468 ነው። የኦሮሞ ሕዝብ ታላቅ እንቅስቃሴም ሆነ የጠመንጃ በኢትዮጵያ የጦር ሜዳ መግነን የቀጣዩ ምዕተ ዓመት ታሪክ ነው። እርግጥ በዚህ ጨዋታ ዘመናት መደባለቃቸው የታወቀ ነው፤ የሁሉም አገር ንጉሥ ስድስት ሺህ ዓመት ይኖራል። ይሁን እንጂ የእኛ ወገን የተሰፋችው ከተለያዩ መጻሕፍት በተቀደዱ ገጾች ነው፤ የአክሱም ሐውልት ከአንዱ፣ የደብረ ብርሃን ንጉሥ ከሌላው፣ የኦሮሞ ጦር ከሦስተኛው።

በአምስተኛው ዕትም በ2012፣ አሁንም በተጨማሪ ጥቅል፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መጡ። የወገኑ ልዩ ኃይል «የዐድዋ መንፈስ» ይባል ነበር፤ ከእርሱ የበለጡ ከተሞች ካሉት ጠላት ጋር ሲዋጋ ጦሩ ይበረታል። እውነቱን ለመናገር ይህ ጥሩ ሐሳብ ነበር። ትንሹ ትልቁን የሚቋቋምበት ሕግ ነውና ለተጫዋቹ አንድ ነገር ያስተምራል። ግን የዐድዋ መንፈስ ለኃይለ ሥላሴ ተሰጥቶ በ2020 በስድስተኛው ዕትም ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ሲመጡ ዐድዋ ጠፋ! የዐድዋው ንጉሥ ልዩ ችሎታ ስሙ «የሚኒስትሮች ምክር ቤት» ሆነ። ምኒልክ በ1907 ሚኒስትሮችን መሾማቸው እውነት ነው። ዳሩ ግን በጨዋታው ውስጥ ይህ ምክር ቤት የሚሠራው አስገራሚ ነው፤ በኮረብታ ላይ የተመሠረቱ ከተሞች ከእምነት ነጥባቸው 15 በመቶ ያህል የዕውቀትና የባህል ነጥብ ያገኛሉ፤ ጦሩም ኮረብታ ላይ ሲቆም ይበረታል። ከድንጋይ የሚፈለፈለው ቤተ ክርስቲያንም የሚጠቅመው በተራራና በኮረብታ ሲከበብ ነው። የኦሮሞ ፈረሰኛው ልዩ ብልሃትም ኮረብታ ሲወጣ አለመድከሙ ነው። ሁሉም ነገር ኮረብታ፣ ሁሉም ነገር እምነት ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ተራራ አላት፤ ማን ይክዳል? እምነት አላት፤ ማን ይክዳል? ነገር ግን ቆላም አላት። ዐፄ ቴዎድሮስ ካሣ ኃይሉ ተብለው ሲጠሩ የኃይላቸው መነሻ ቋራ ነበር፤ ይኸው የእኛ ድንበር። በ1848 በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ገጥመው የተሸነፉትም በዚሁ ቆላ ነው። የሠለጠነ ጦርና መድፍ ምን ማለት እንደሆነ ያዩት እዚያ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1889 የወደቁት መተማ ላይ ነው፤ ኮረብታ ላይ አይደለም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1744 የዐፄ ኢያሱ ሁለተኛ ሠራዊት በስናር ጦር የተሸነፈው ከደጋው ርቆ በምዕራቡ ቆላ ነው። ደጋው ስለ ራሱ ምንም ቢል ታሪኩ ብዙ ጊዜ የተወሰነው ወደ ቆላ በወረደ ጊዜ ነው። ቆላውን የሰረዘ ጨዋታ የታሪካችንን ግማሽ ሰርዟል።

ለሱዳን ወገንም ከዚህ የተሻለ አልተደረገም። ኑብያ በስድስተኛው ዕትም በ2017 ስትመጣ መሪዋ የመሮዌዋ ንግሥት አማኒቶሬ ነበረች፤ ይህ የሚያስመሰግን ምርጫ ነው። ከእርሷ ወዲህ ያለው ሁለት ሺህ ዓመት ግን የት ገባ? ከ1504 እስከ 1821 የቆየው የስናር የፉንጅ መንግሥት፣ ነጋዴውንና ሼኩን፣ ፈረሰኛውንና ገበሬውን አንድ ላይ የያዘው ያ መንግሥት፣ ከስድስቱ ዕትሞች በአንዱም ወገን ሆኖ አልተሰለፈም። ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ኮረብታ፣ ሱዳን የፒራሚድ በረሃ። በመካከል ያለነው ሰዎች ባዶ ሜዳ ነን።

በየካቲት 2025 ሰባተኛው ዕትም ሲወጣ ደስ ብሎን ነበር። አክሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይነጠል ከዋናው ጨዋታ ጋር መጣ። ግን በዚህ ዕትም መጀመሪያ ላይ ተጫዋች በየዘመኑ ሕዝቡን ይለውጥ ነበር። አክሱምን ይዞ የጀመረ ልጅ ጨዋታው በወጣ ጊዜ ሁለተኛው ዘመን ላይ ሲደርስ ዛጉዬን ፈልጎ አላገኘም፤ የሰሎሞን ዘር ነን ያሉትን ነገሥታት ፈልጎ አላገኘም፤ ሦስተኛው ዘመን ላይም ምኒልክ አልነበሩም። አክሱም ተነሥታ ሌላ ሕዝብ መሆን ነበረባት። አዘጋጆቹ ጨዋታውን በነሐሴ 2024 ሲያስተዋውቁ ግብፅ ወደ ሶንጋይ ስትለወጥ አሳይተው ብዙ ተጫዋች ተቆጥቶ ነበር። ዓባይን ትቶ ኒጀር ወንዝ ላይ መገኘት ማለት ነውና ቁጣው ተገቢ ነበር። ለካስ ለእነርሱ አፍሪካ አንድ መንደር ናት፤ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ከሌላው መግባት ምንም አይደለም! ያልተቋረጠ ታሪክ አለን ብለው በሚኮሩ ሰዎች ላይ ከዚህ የከፋ ስድብ ማሰብ ይቸግረኛል። የሚያሳዝነው ደግሞ ስድብ ተብሎ አለመታሰቡ ነው።

«ይህ ሁሉ ቁጣ ለጨዋታ?» የሚሉ ይኖራሉ። ጨዋታ ሚዛን ይፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ወገን ሁለት ሦስት ምልክት ብቻ ነው የሚሰጠው፤ በሁለት መስመር የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አይጻፍም ይላሉ። እውነት ነው። እኔም ሙሉ ታሪክ አልጠየቅሁም። የምጠይቀው የተመረጡት ሁለት መስመሮች ሕይወት እንዲኖራቸው ነው። እንግሊዝ በጨዋታው ውስጥ ባሕርም ፋብሪካም አላት። የእኛ ወገን ግን በአራት ዕትሞች፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ፣ ከሐውልትና ከእምነት እምብዛም አልራቀችም። ይህ የሚዛን ጉዳይ አይደለም፤ አለማንበብ ነው።

«ቢያንስ አስገቡን እኮ፤ እናመስግን» የሚሉም አሉ። ምስጋናውን አልነፍግም። ሆኖም እንግዳ ተጠርቶ በር ላይ ሲቀመጥ ተከበረ አይባልም። ምኒልክም ኃይለ ሥላሴም በጨዋታው ውስጥ በአማርኛ ይናገራሉ፤ ድምፁን የሰማ ስደተኛ ልቡ ይሞቃል። ነገር ግን በጨዋታው ውስጥ አንድም የአማርኛ ጽሑፍ የለም። ልጁ ንጉሡ ሲናገሩ ይሰማል፤ የተነገረውን የሚያነበው ግን በባዕድ ቋንቋ ነው። አማርኛ የሚሰማ እንጂ የሚነበብ ቋንቋ አይደለም ማለት ነው?

የተሻለ ማድረግ እንደሚቻል ማስረጃ አለ። «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» የተባለው ጨዋታ በ2015 «የአፍሪካ መንግሥታት» በሚል ጥቅሉ ኢትዮጵያውያንን ሲያስገባ ዮዲትን ባለታሪክ አድርጎ አንድ ሙሉ ዘመቻ ሰጣት። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ዮዲት አክሱምን ያጠፋች ናት፤ ስሟም በመልካም አይነሣም። ጨዋታው ግን የተገፋችና ተመልሳ የመጣች ሴት አድርጎ አቀረባት። ብዙዎች በዚህ አይስማሙም፤ እኔም በሁሉም አልስማማም። ግን ደስ ብሎኛል። ምክንያቱም የሚከራከሩበት ታሪክ ተሰጠን፤ የሚወደድና የሚጠላ ሰው ተሰጠን። እኛ ሙገሳ አንፈልግም፤ ታሪክ እንፈልጋለን። ከአንድ መቶ የእምነት ነጥብ አንዲት የምታከራክር ዮዲት ትሻላለች።

እስቲ የእኛን ድንበር እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የመተማና የገላባት ገበያ በእጃቸው የነበረው ከምዕራብ የመጡት ተክሩሮች ነበሩ። ሼኮቻቸው ለኢትዮጵያም ለግብፅም ይገብሩ ነበር። ቡናው፣ ሰሙ፣ ወዮ ባሪያውም በዚያ ያልፍ ነበር። «ሲቪላይዜሽን» ውስጥ ትላልቆቹ መንግሥታት መልእክተኛ እየላኩ የሚሻሙባቸው ትናንሽ ከተማ-መንግሥታት አሉ። ለሁለት ጌታ እየገበረች በንግድ የምትኖር ከተማ ከመተማ የበለጠ የት ትገኛለች? ይህን ለመፍጠር አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ ሕጉ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የጎደለው የሚያውቅ ሰው ነው።

ታዲያ የሚያውቀው ሰው ማነው? እኛው ነን። እዚህ ላይ ጣቴን ወደ ራሳችን ማዞር ግድ ይለኛል። ሰንጠረዥን የሚያህል የራሳችን ጨዋታ ነበረን። አጀማመሩ «ወረራ» ይባላል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። እንደዚህ ያለ የጦርነት ሐሳብ ያለው ጨዋታ ስንቶቻችን ለልጆቻችን አስተምረናል? ገበጣን በገዳሪፍ ጥላ ሥር የሚጫወቱ ሽማግሌዎች ሲሞቱ ሕጉን ማን ጻፈው? ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ንና ገበጣን በስልክ እንዲጫወቱ አድርጎ ሲያቀርብ መንገዱ መኖሩን አሳይቶናል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ተረት ለጨዋታም ይሠራል።

ለእህቴ ልጅ የነገርኩትን ለሁላችሁም እነግራለሁ። ስድስተኛው ዕትም ተጫዋቾች የራሳቸውን ወገን ጽፈው እንዲጨምሩበት የተከፈተ ነው። ከመላው ዓለም ብዙ ወጣቶች የረሷቸውን መንግሥታት በዚህ መንገድ አስገብተዋል። ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ ሕጉን ይጻፍ፤ ታሪክ የሚያውቀው ሽማግሌ ይንገረው፤ አማርኛ የሚችለው ጽሑፉን ይጻፍ፤ ዐረብኛ የሚችለው ይተርጉም። ኮረብታውን ለደጋው ትተን ለቆላው ሕግ እናውጣ፤ ሰሊጡን፣ ሰቲትንና አትባራን፣ ገበያውን፣ ሁለት ጌታ ያላትን ከተማ እናስገባ።

ልጆቹ ይህን ስነግራቸው ተያዩ። የጎረቤቱ ልጅ ወዲያው «ስናርን እኔ ልያዝ» አለ። የእህቴ ልጅ ደግሞ ጥቂት አስቦ «ቋራን እኔ» አለ። ከዚያ መተማ የማን ትሁን በሚለው ተጣሉ። ሮምን ሁለቱም ረስተዋት ነበር።