አልቅሳችሁ ስትጨርሱ አገር ቤት ደውሉ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ ፊልም ነው። «አ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ፣ በፊስቱላ የተጎዱ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን የሚከተል ዘጋቢ ፊልም ነው። አይቼው ዝም ማለት አቃተኝ።

ሴቶቹ ከሰው ተገልለው ዓመታት ከኖሩ በኋላ ረጅም መንገድ በእግርም በአውቶቡስም ተጉዘው አዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ይደርሳሉ። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት ማለት ነው። እዚያ እንደነሱ ሽንት የሚፈሳቸው ብዙ ሴቶች ያገኛሉ። እኔን ያስለቀሰኝ ይሄ ነው፤ ለካ እስከዚያች ቀን ድረስ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብሎ መኖርም አለ።

ብዙ ሰው ግን «ያለ ዕድሜ ጋብቻ ነው» ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ማባባሱ እውነት ነው። ነገር ግን 30 ዓመት የሞላት፣ አራተኛ ልጇን የምትወልድ ሴትም ፊስቱላ ሊያጋጥማት ይችላል። ዋናው ጉዳይ የተራዘመ ምጥ ነው። የልጁ ጭንቅላት ማለፍ ሲያቅተው የሽንት ፊኛዋን ከዳሌ አጥንቷ ጋር አጣብቆ ይጫነዋል፤ ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ለቀናት። ደም ያልደረሰው ሥጋ ይሞትና ይቀደዳል፣ ከዚያ ሽንቱ ሌት ተቀን ይፈሳል። ልጁም አብዛኛውን ጊዜ በሕይወት አይወለድም። በሰዓቱ በኦፕራሲዮን ብትወልድ ይህ ሁሉ ባልደረሰባት። እርግማን ምናምን የሚባለውን ተዉት።

እና ከተማ ያለን ሰዎች ምን እናድርግ? ገጠር ያረገዘች ዘመድ ካለቻችሁ ደውሉላት። ቤታችሁ የምትሠራዋን ልጅም ጠይቋት፣ እህቷ አርግዛ ይሆናል። የት ነው የምትወልደው? ጤና ጣቢያው ምን ያህል ያስኬዳል? ሩቅ ከሆነ ቀኗ ከመድረሱ በፊት የእናቶች ማቆያ ትግባ። ምጥ ከጀመራት በኋላ «እስኪ ትንሽ እንጠብቅ» የሚል ዘመድ ካለ ስልኩን ለእሱም ስጡልኝ፣ የትራንስፖርቱን ብርም አብራችሁ ላኩ።

ከወለደች በኋላ ሽንት የሚያመልጣት ካለች ደግሞ አትቆይ። ቶሎ ከደረሰች ትንሽ ቀዳዳ በካቴተር ብቻ ሊዘጋ ይችላል። የቆየውም ብዙውን ጊዜ በቀዶ ሕክምና ይድናል። ሁሉም ሙሉ በሙሉ አይድንም፣ ፊልሙም ይህንን አለመደበቁን ወድጄለታለሁ። የሃምሊን ሕክምና በነፃ ነው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሕር ዳር፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከል አላቸው።