ሦስተኛው ቅጽ የት አለ?

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ዓሣ እየበላን፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ የማየው አንድ የባቱ ልጅ ምክር ጠየቀኝ። ልጁ ስለ ዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ምናባዊ ልቦለድ ይጽፋል። በሌሊት በጀልባ የሚሸሹ መነኮሳት፣ የተረገመ ንጉሥ፣ ውኃ ውስጥ የሚኖር አውሬ፣ ምን የሌለው አለ! ሦስት ቅጽ ነው ያሰበው። ሁለቱን ጨርሷል፣ ሦስተኛው ገና ጭንቅላቱ ውስጥ ነው። አሁን አንድ ፕሮዲውሰር "ለተከታታይ ድራማ ሽጥልኝ፣ መጨረሻውን እየቀረጽን ትነግረናለህ" ብሎታል። ልጁ ደግሞ የቤት ኪራይ አለበት።

እኔም ስለ ጌም ኦፍ ትሮንስ ማውራት ስጀምር "ጋሼ፣ ደግሞ ጀመረህ!" ብሎ ሳቀብኝ። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው፣ እዚህ አያቋርጠኝም።

ጆርጅ ማርቲን ያንን ታሪክ መጻፍ የጀመረው በ1991 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ሲጀምር እሱም ሦስት መጽሐፍ ነበር ያሰበው! የመጀመሪያው በ1996 ወጣ። ታሪኩ እየሰፋ ሄዶ ሦስቱ ሰባት ሆኑ። ኤችቢኦ ሚያዝያ 2011 ላይ ተከታታይ ፊልሙን ማሳየት ሲጀምር የታተሙት አራት ነበሩ፣ አምስተኛው በዚያው ዓመት ሐምሌ ወጣ። ስድስተኛው ይኸው እስከ ዛሬ አልወጣም። ፊልሙ ግን በየዓመቱ መምጣት ነበረበት። ተዋናይ ሕፃናቱ ያድጋሉ፣ ውል አለ፣ ተመልካች አለ። ደራሲው በእግሩ ይሄዳል፣ ፊልሙ በመኪና። መቅደሙ አይቀርም ነበር።

እኛ እዚህ በፍላሽ እያስገለበጥን፣ መብራት ሲጠፋ እየተሳደብን ነው ያየነው። እስከ አራተኛው ሲዝን ድረስ አንድ ሰው ሲሞት ለሳምንት እንከራከር ነበር፣ ምክንያቱም የሞተበት ምክንያት ከሁለት ሲዝን በፊት የተዘራ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰዎቹ አገር ለአገር እንደ ወፍ መብረር ጀመሩ። ድሮ ከሰሜን ደቡብ ለመድረስ ሙሉ ሲዝን የሚፈጅባቸው ሰዎች በአንድ ክፍል ደርሰው ይመለሳሉ።

ብዙ ሰው "ፊልም ሠሪዎቹ መጨረሻውን ስላላወቁት ነው የተበላሸው" ይላል። ስህተት ነው። ማርቲን ራሱ ዋና ዋናዎቹን ነግሯቸዋል። የሆዶር ስም ምስጢር ከእሱ የመጣ ነው፣ በስድስተኛው ሲዝን ያየነው። (ያችን ትዕይንት እንግሊዝኛ ለማይሰማ ጓደኛዬ ለማስረዳት የፈጀብኝን ጊዜ እኔ ነኝ የማውቀው። "በሩን ያዝ" እንዴት ሆኖ ነው ሆዶር የሚሆነው?) መድረሻውን ያውቁ ነበር። ያልነበራቸው መንገዱ ነው። ማርቲን ራሱን ከአርክቴክት ሳይሆን ከአትክልተኛ ነው የሚመድበው፣ ዘርቶ እያየ የሚጽፍ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ደራሲ "ንግሥቲቱ ከተማዋን ታቃጥላለች" ብሎ ቢነግርህ የነገረህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ለምን እዚያ እንደደረሰች የሚያሳዩት ሺህ ገጾች ገና አልተጻፉም።

ለዚያ ነው ዴኔሪስ ከተማዋን ስታቃጥል ሰው የተቆጣው። እኔ በነገሩ አልተቆጣሁም፣ ያምርባት ነበር እንዲያውም። የተቆጣሁት በጥድፊያው ነው። ስድስት ሲዝን አሥር አሥር ክፍል ሄዶ፣ ሰባተኛው ሰባት፣ የመጨረሻው ስድስት ክፍል ብቻ ሆነ። በ2019 "እንደገና ይሠራ" ብሎ የፈረመው ሰው ከሚሊዮን በላይ ነው። በዚያው ዓመት ምርጥ ድራማ ተብሎ ኤሚ መሸለሙን ስሰማ ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም።

አሁን ሀውስ ኦፍ ዘ ድራገንን ተመልከቱ። ያ የድራገኖች ጦርነት በ2018 በወጣው መጽሐፍ ውስጥ እስከ ፍጻሜው ተተርኳል። በ2024 ሠሪዎቹ አንድ ሕፃን ከታሪኩ ሲያወጡ፣ ማርቲን ይህ ወደፊት ምን ምን እንደሚያናጋ በአደባባይ ጻፈባቸው። ጽሑፉ ወዲያው ቢነሣም ልብ በሉልኝ፦ መሟገት የቻለው የሚጠቁመው የታተመ ገጽ ስላለው ነው።

ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በሬዲዮ ሲተርክ አገር ቀጥ ብሎ ያዳመጠው በድምፁ ብቻ አይደለም። ሐዲስ ዓለማየሁ መጨረሻውን ጽፈው ነበር ያስረከቡት። ወጋየሁ "እንግዲህ በዛብህን ምን እናድርገው?" ብሎ የሚጨነቅበት ነገር አልነበረም።

ታዲያ ወንድሜ፣ ብሩን አትንካ አልልህም። እኔ ኪራይህን አልከፍልልህም። ግን ለሰውየው የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ሽጥለት፣ እሱ በራሱ ቆሞ የሚሄድ ታሪክ ነው፣ አንብቤዋለሁ። ውሉ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ያንተ እንደሆኑ ይጻፍ። "እየቀረጽን ትነግረናለህ" የሚለውን ግን እንዳትፈርም። አንተም እንደ ማርቲን አትክልተኛ ነህ፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ያቺ ዓሣ አጥማጅ ሴት ዋና ገጸ ባሕርይ እንደምትሆን ከመጻፍህ በፊት ታውቅ ነበር? አታውቅም፣ ራስህ ነግረኸኛል። ካሜራ ቆሞ እየጠበቀ፣ ተዋናይ በቀን እየተከፈለው፣ እንዲህ ዓይነቷ ሴት ከየት ትመጣልሃለች?

ቅዳሜ ዓሣው በእኔ ነው። ደብተሩን ይዘህ ና፣ ስንት ገጽ እንደደረስክ አያለሁ።