የሚንቀጠቀጥ ሞተር ዋጋው ስንት ነው?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል የሚፈልግ ሰው እዚሁ ያለውን ያገለገለ መኪና ከመግዛት ሌላ ምርጫ የለውም። በዚህ ገበያ ውስጥ ከሚያከራክሩት ነገሮች አንዱ "ሚኒሞ አይዝም፣ ቆሞ ይንቀጠቀጣል" የሚባለው ጉዳይ ነው።

ክርክሩ የሚበረታው ምልክቱ አንድ፣ መንስኤው ግን ብዙ በመሆኑ ነው። መንቀጥቀጡ ካረጀ ካንዴላ ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ቀላል ሥራ ነው። ከኮምፕሬሽን መድከምም ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ሞተር እስከ ማውረድ ያደርሳል። ሻጭ "ካንዴላ ብቻ ነው" ይላል፣ ገዥ ሞተር ማውረዱን ይፈራል፣ ደላላው መሐል ገብቶ በግምት ያስማማል።

አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ምሁር ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጽሑፍ ያሳዩት ይህንኑ ነው። ገዥ ደኅናውን መኪና ከብልሹው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚህ ዋጋ የማይስማማው የደኅና መኪና ባለቤት ከገበያው ሲወጣ የሚቀረው ብልሹው ነው። አከርሎፍ በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

መፍትሔው ያለው ግን በመካኒኩ እጅ ነው። በቅድሚያ መኪናው ሳይሞቅ ይነሳ፤ ቀድሞ የሞቀ ሞተር ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሚኒሞን ከፍ አድርጎ ማሰርም እንዲሁ መንቀጥቀጥን ይደብቃል። ስለዚህ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የዙር መቁጠሪያው ይታይ፤ በአብዛኞቹ መኪኖች በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ነው። ቀስቱ ሳይነቃነቅ ቦዲው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የሞተር መቀመጫ ጎማዎች ይፈተሹ። ቀስቱ የሚዋዥቅ ከሆነ ከሲሊንደሮቹ አንዱ በደንብ እየሠራ ላይሆን ይችላል። መካኒኩ የየሲሊንደሩን ኮይል ተራ በተራ ሲነቅል በሞተሩ ድምፅ ላይ ለውጥ ያላመጣው ሲሊንደር ጥፋተኛው ነው። የዚያ ሲሊንደር ካንዴላ ከሌላው ጋር ይቀያየር፤ ችግሩ አብሮ ከሄደ ካንዴላው ነው። ካልሄደ ኮይሉ በዚያው መንገድ ይሞከር፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩ ይፈተሽ፣ በመጨረሻም ኮምፕሬሽን ይለካ። ፉጨት የሚሰማ ከሆነ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦ ይፈለግ። የኮምፒዩተር ምርመራ ጠቃሚ ቢሆንም ብቻውን አያስተማምንም፤ የተመዘገበ ጥፋት ከሽያጭ በፊት ሊሰረዝ ይችላል።

የምርመራውን ወጪ ገዥ ቢሸፍን፣ የተገኘው ጥፋት ማሠሪያ ደግሞ ከዋጋው ላይ ቢቀነስ ሁለቱም ወገኖች ይጠቀማሉ። ካንዴላ ብቻ የጎደለው ሻጭ በፍርሃት ከሚቆረጥ ዋጋ ይድናል። ገዥም በኋላ እቃ በግምት እየቀያየረ ገንዘቡን አይጨርስም። ደላላውም ቢሆን አስማምቶ ከሸኛቸው በኋላ ለጭቅጭቅ ተመልሰው ከሚመጡበት ደንበኞች ይልቅ ሌላ ገዥ ይዘውለት የሚመጡት ይበጁታል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ ቀብድ ከመክፈል በፊት ኮፈን ከፍቶ ማስመርመር የገበያው ልማድ ሊሆን ይገባዋል።