የመሸበት እንግዳ

ብቻችሁን መኪና እየነዳችሁ ሩቅ አገር ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከደሴ ተነስቼ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም ስጓዝ ያስጨነቀኝ ዳገቱ ሳይሆን የት እንደማድር ነበር። በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጭላዳዎችን ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ከላላ ላይ መሸብኝ።

ደጃፋቸው ላይ ለነበሩ እናት «የመሸብኝ እንግዳ ነኝ» አልኳቸው።

«ግቢ ልጄ፣ ቤት ለእንግዳ ነው!»

ስሜን የጠየቁኝ እግሬን ከታጠብኩ በኋላ ነው። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲጠጣ ለመንገዴ ዱዓ ተደረገልኝ። ክርስቲያን መሆኔን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም፤ ወሎ ነውና።

ጠዋት ብር ሳወጣ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ማደሪያ ሸጥኩልሽ እንዴ?» አሉኝ። አፈርኩ።

እናንተ ስትሄዱ የአካባቢውን ጸጥታ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሳይመሽ ግቡ፤ ለቤቱ የሚሆን ቡናና ስኳር ያዙ። አዳሪ ሆናችሁ ሳይሆን እንግዳ ሆናችሁ እደሩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ የኮንዶሚኒየሜን በር ልከፍት ስል የጎረቤቴን ስም እንደማላውቅ ትዝ አለኝ። አምስት ዓመት ግድግዳ ተጋርተናል። ያን ምሽት ቡና አፈላሁና በሯን አንኳኳሁ።