የዋግ አውራጃ ታሪክና የመዝገብ ርክክብ

ዋግ ከላስታ በስተ ሰሜን እስከ ተከዜ ሸለቆ የሚደርስ አገር ነው። ገዦቹ ዋግሹም ይባሉ ነበር፤ ዘራቸውንም ከዛጉዬ ነገሥታት ይቈጥራሉ። ከእነርሱ አንዱ ዋግሹም ጎበዜ በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በ1863 ዓ.ም. በአድዋ አጠገብ ድል ሆኑ። ሰቆጣም የገዦቹ መቀመጫ ከመሆኗ ሌላ፣ ከአፋር ምድር የሚመጣው አሞሌ ጨው የሚሸጥባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአገር አስተዳደር ደንብ ጠቅላይ ግዛቱን በአውራጃ፣ አውራጃውንም በወረዳ ከፈለ፤ በዚህም ሥርዓት ዋግ ከወሎ አውራጃዎች አንዱ ሆኖ ሲተዳደር ኖረ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ የባላባቱ ሥልጣን አከተመ። የአማራ ክልል ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ ዋግ የኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሆነ፤ በከተማይቱ ዙሪያ ያለው ገጠርም ዛሬ ሰቆጣ ዙሪያ ወረዳ ይባላል።

የአስተዳደሩ ስም እንዲህ ሲለዋወጥ የባላገሩ ችግር ሳይለወጥ ኖሯል። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. ወሎን ረኃብ በመታ ጊዜ ወሬው ታፍኖ ስለ ዘገየ ብዙ ሕዝብ አለቀ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ተባብረው የዋግን ሰው ከቀዬው ነቅለው ወደ ኮረም አፈለሱት። የቀድሞው አስተዳደር ስንት ግብር እንደ ገባ አጥብቆ ሲጠይቅ፣ በባላገሩ ጎተራ ስንት እንደ ቀረ የመጠየቅ ልማድ አልነበረውም።

ስለዚህ ወረዳ ሲከፈል ወይም ሹም ሲዛወር፣ ማኅተምና የቤት ዕቃ ብቻ መረካከብ አይበቃም። በየቀበሌው ዝናሙ የገባበትና የወጣበት ቀን፣ በደጋው የገብስና የባቄላ፣ በቆላው የማሽላ ዘር ይዞታ፣ እንዲሁም የሰቆጣ ገበያ የፍየልና የእህል ዋጋ ተጽፎ ለተተኪው ሊሰጥ ይገባል። ፍየል እየረከሰ እህል ሲወደድ ረኃብ መቅረቡን ሽማግሎች ያውቁታል፤ ነገር ግን ያለፉት ዓመታት ዋጋ በመዝገብ ካልተገኘ አዲሱ ሹም የዘንድሮውን ከምን ጋር ያስተያየዋል?

ይህ ሁሉ ለበላይ መሥሪያ ቤት በየጊዜው ይላካል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ወደ ላይ የተላከ ወረቀት ግልባጩ በወረዳው ካልቀረ፣ በሚያዝያ ወር ዘሩን ለመብላት የተገደደ ገበሬ ፊቱ ለቆመው ሹም አይጠቅመውም።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀጨጭ እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ ተሰይሟል። በከተማይቱ ስም የተገባው ቃል አስቀድሞ የሚመረመረው በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ነውና፣ የየወረዳው ሹማምንት መዝገቡን ከመጪው ክረምት በፊት ቢጀምሩት መልካም ነው።