ዕድሜዋን ከደላላው ሳይሆን ከሻንሲው ይጠይቁ

የዚህን ወር የመኪና ገጻችንን በራሴ ጥፋት ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ያገለገለች ራቭ ፎር ገዛሁ። ደላላው «ፎር ባይ ፎር ናት፣ ገደል ታወጣለች» አለኝ፤ እኔም ቀለሟን፣ ወንበሯንና የሞተሯን ድምፅ አይቼ ረካሁ። በዚያው ክረምት ባለቤቴን፣ ሁለቱን ልጆቻችንንና አማቴን ይዤ ወደ መንዝ ስንጓዝ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብለን ጥቁር ጭቃ ውስጥ ገባን። የፊት ጎማዎቹ በባዶ ይሽከረከራሉ፣ የኋላዎቹ ንቅንቅ አይሉም። ሊገፉን ከመጡት ወጣቶች አንዱ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ኋላዋ ባዶ ነው» አለኝ። አማቴ ምንም አልተናገሩም፤ ዝምታቸው ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ያ ልጅ አንዴ ጎንበስ ብሎ ያየውን እኔ ገንዘቤን ከመክፈሌ በፊት ማየት ነበረብኝ። ዛሬ ደግሞ እንዲህ ያለው ስህተት ይበልጥ ያስከፍላል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ታክሳቸው እንዲከብድ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት የቆዩ ፎር ባይ ፎሮች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ ሻጩም ሞዴሏን ጥቂት ዓመት ከፍ አድርጎ ቢጠራ የሚያገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። እርስዎ መልስ ማግኘት ያለብዎ ሁለት ጥያቄ ነው፦ በእውነት መቼ ተሠራች? በእውነትስ በስንት ጎማዋ ትሄዳለች?

የትኛው ዓመት?

«የ98 ናት» ሲሉዎት መጀመሪያ አቆጣጠሩን ይጠይቁ። በእኛ 98 ከሆነ በፈረንጆቹ 2005 ወይም 2006 ነው፤ በፈረንጆቹ ከሆነ ግን በእኛ 1990 ወይም 1991 መሆኑ ነው። በአንድ ቃል የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ገባ ማለት ነው።

አቆጣጠሩ ቢታወቅም ሦስት የተለያዩ ዓመቶች አሉ። አንደኛው ከፋብሪካ የወጣችበት ነው። ሁለተኛው የሞዴል ዓመት የሚባለው ነው፤ በፈረንጆቹ 1997 መጨረሻ የተሠራች መኪና የ1998 ሞዴል ተብላ ልትሸጥ ትችላለች። ሦስተኛው እዚህ አገር ታርጋ የወጣላት ዓመት ነው፤ ይህ ስለ መኪናዋ ዕድሜ ምንም አይነግርዎትም። ሻጩ የትኛውን እየነገረዎት እንደሆነ ለይተው ይወቁ።

ሻንሲው ምን ይላል?

ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲ ቁጥር ሻንሲው ብረት ላይ ከተመታው ጋር በዓይንዎ ያስተያዩ። በላንድ ክሩዘር ላይ ብዙውን ጊዜ በቀኝ በኩል ከፊት ጎማው አጠገብ ያገኙታል፤ ጭቃ ከሸፈነው በጨርቅ ይጥረጉት። ብረቱ ተሞርዶ ወይም ተበይዶ ከታየዎት ዋጋ መከራከሩን ትተው ይመለሱ።

ቁጥሩ ባለ 17 ሆሄ ከሆነና መኪናዋ ለሰሜን አሜሪካ ገበያ የተሠራች ከሆነች 10ኛው ሆሄ የሞዴል ዓመቷን ይናገራል፦ «ቪ» 1997፣ «ደብልዩ» 1998፣ «ኤክስ» 1999፣ «ዋይ» 2000 ነው። ከዚያ 2001 በቁጥር 1 ይጀምርና 2009 በ9 ያልቃል፤ 2010 ተመልሶ «ኤ» ይሆናል። ነገር ግን ይህ ሕግ ለሁሉም አይሠራም። ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ለአውሮፓ በተሠሩ ብዙ መኪኖች 10ኛው ሆሄ ዓመት ላይናገር ይችላል፤ ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራችው ደግሞ 17 ሆሄ የላትም፣ አጠር ያለ ቁጥር ነው ያላት። እንዲህ ሲሆን የመለዋወጫ ካታሎግ ያለው ባለሙያ በሻንሲ ቁጥሩ የተሠራችበትን ወርና ዓመት ፈልጎ ሊያገኝልዎ ይችላል።

ቶዮታ ከሆነች ኮፈኑን ከፍተው የሞዴል ሰሌዳዋን ያንብቡ። «ኤችዜድጄ 80» ቢል የመጀመሪያዎቹ ሆሄያት የሞተሩን ቤተሰብ ይነግሩዎታል፤ «ኤችዜድ» ቱርቦ የሌለው ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ቁጥሩ የአካሉን ትውልድ ያሳያል። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤል» ካለ መሪዋ ከፋብሪካ በግራ ነበር፤ «አር» ካለ በቀኝ ነበር። ሰሌዳው «አር» እያለ መሪዋ በግራ ከሆነ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀይሯል ማለት ነውና ሥራውን ጥሩ መካኒክ ሳያየው አይግዙ።

ሌላ ጥሩ ምስክር የደህንነት ቀበቶው ነው። በብዙ መኪኖች ቀበቶው ሥር በተሰፋው ምልክት ላይ የተመረተበት ጊዜ ታትሟል። የ2005 ናት በተባለች መኪና ላይ ሁሉም ቀበቶዎች 1998 የሚሉ ከሆነ ሻጩ የሚያስረዳዎት ነገር አለ።

ዓይን የሚለየው

አንዳንዱን በመልክ መለየት ይቻላል። 60ው ላንድ ክሩዘር ከ1980 እስከ 1990፣ 80ው ከ1990 እስከ 1997 ተሠሩ፤ 100ው በ1998 ተተካ። ሃርድ ቶፑና ፒካፑ ላይ ደግሞ የጎማ ቡሎኖቹን ይቁጠሩ። ከ1999 በፊት የተሠሩት 6 ቡሎን አላቸው፣ ፊታቸውም በባሌስትራ ላይ ነው የሚቀመጠው። ከዚያ ወዲህ ያሉት 5 ቡሎን ሆነው ፊታቸው በሞላ ነው። በ2007 የፊቱ ገጽታ ሰፍቶ ተለወጠ። ሱዙኪ ቪታራ በ1988 ጀመረች፣ ግራንድ ቪታራ በ1998 መጣች፣ ሁለተኛው ትውልዷ ደግሞ በ2005።

ልብ ይበሉ፦ የፊት ፍርግርግ፣ መብራትና ፓራውልት በአንድ ቀን ይቀየራሉ። በመልክ ያዩትን ምንጊዜም ከሻንሲው ጋር ያመሳክሩት።

በስንት ጎማዋ?

«ፎር ባይ ፎር» የሚለው ስም ሦስት የተለያየ ጠባይ ያላቸውን መኪኖች ይሸፍናል።

የመጀመሪያዋ በፍላጎት የምትገባ ናት። አስፋልት ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ትሄዳለች፤ ከማርሹ አጠገብ ባለው ትንሽ ዘንግ አራቱን ታስገባላታለህ ይሏታል ነባር ሾፌሮች። ዘንጉ ላይ 2 እና 4 የሚሉ ቁጥሮች ካሉ ይቺ ናት። በብዙዎቹ የፊት ጎማ እምብርት ላይም በእጅ የሚዞር ማሰሪያ አለ። የቀድሞዋ ቪታራና ሃርድ ቶፑ ከዚህ ወገን ናቸው። ደረቅ አስፋልት ላይ አራቱን አስገብተው አይንዱ። መታጠፊያ ላይ የፊትና የኋላ ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ይለያያል፤ በመካከላቸው ልዩነቱን የሚያስታርቅ ነገር ስለሌለ ጥርሶቹ ይጨናነቃሉ።

ሁለተኛዋ ሁልጊዜ በአራቱም የምትሄድ ናት። በመካከል አንድ ተጨማሪ ዲፈረንሻል ስላላት አስፋልት አያስቸግራትም። ዘንጓ ላይ «2» አይገኝም። ከ80ው ላንድ ክሩዘር ብዙዎቹ፣ በ1996 የመጣው 90ው ፕራዶና የ2005ቷ ግራንድ ቪታራ እዚህ ይመደባሉ። 80ው ግን በሁለቱም ዓይነት ስለተሠራ ዘንጉን ሳያዩ አይፍረዱ።

ሦስተኛዋ ሲያስፈልግ ብቻ የኋላውን የምትጠራ ናት። በተለምዶ በፊት ጎማ ትሄዳለች፣ ሲያንሸራትታት የኋላው ያግዛታል። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ያሉት ባለ አራት ጎማ ራቭ ፎሮች እንዲህ ናቸው። ለዝናብና ለኮረኮንች ደግ ናት፤ ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ረጅም ሰዓት ስትታገል ግን የኋላውን የሚያገናኘው ክፍል ይሞቅባታል። ከእነዚህ ጎን ለጎን በሁለት ጎማ ብቻ የሚሄዱ ራቭ ፎሮች ከፋብሪካ ወጥተዋል፤ የእኔዋ ከእነሱ አንዷ ነበረች።

ከመክፈልዎ በፊት

አሮጌ ልብስ ለብሰው ይሂዱና ከሥር ይዩ። በኋላ ጎማዎቹ መካከል ዲፈረንሻል፣ ከካምቢዮው ወደዚያ የሚሄድ ረጅም የብረት ዘንግ መኖር አለበት። ትልልቆቹ ላይ ወደ ፊት የሚሄደውንም ይፈልጉ፤ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ አስፋልት ወዳልሆነ አፈር ሜዳ ይውሰዷት። አራቱን ያስገቡ፣ የዳሽቦርዱ መብራት መብራቱን ይዩ፣ መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዘው በዝግታ ይዙሩ። በፍላጎት የምትገባዋ ስትታጠፍ ያዝ ያዝ ታደርግዎታለች፤ ይህ ጤንነቷ ነው። ምንም ካልተሰማዎት የፊቱ ላይገባ ይችላል። ዝግ ያለውን የጉልበት ማርሽም ይሞክሩ። ለረጅም ጊዜ ካልተነካ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። በመጨረሻ አራቱም ጎማዎች በመጠን እኩል መሆናቸውን ያረጋግጡ። ሁልጊዜ በአራቱም የምትሄደውን የጎማ መበላለጥ ቀስ በቀስ ይጎዳታል።

ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሻጩ «ምን አስፈለገ፣ እኔን አታምንም?» ካለዎት በትሕትና «አምናለሁ፣ ልጆች ስለምጭን ነው» ይበሉት። እውነተኛ ሻጭ በዚህ አይቀየምም።

እኔ ያቺን ራቭ ፎር ሸጥኳት፤ ለገዢዋም ከሥር አስጎንብሼ «ኋላዋ ባዶ ነው፣ ለከተማ ናት» ብዬ አሳየሁት። ዋጋ ቀነሰልኝ፤ እንቅልፍ ግን አልቀነሰብኝም። ዘንድሮ ወደ መንዝ የምንሄደው በሌላ መኪና ነው። አማቴ ከመሳፈራቸው በፊት «ከሥር አይተሃታል?» ብለው ጠየቁኝ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ መልካም መንገድ!