ባሕርን መሻትና ባሕርን ማወቅ

ዛሬ በአገራችን የባሕር በር ጉዳይ ያልተነሣበት ስብሰባ፣ ያልተከራከሩበት የቡና ጠረጴዛ ማግኘት ይቸግራል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በኦክቶበር 2023 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታትን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ቀይ ባሕርን የህልውና ጉዳይ አድርገው በቴሌቪዥን ከተናገሩ ወዲህ፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ፤ ሞቃዲሾ ተቆጣች፤ በዲሴምበር 2024 ደግሞ በቱርክ አደራዳሪነት የአንካራው መግለጫ ወጣ። ደጋፊው «መብታችን ነው» ይላል፤ ተቃዋሚው «ሌላ ጦርነት ልታስነሡብን ነው» ይላል። ሁለቱም ወገኖች ስለ ወደብ ኪራይ፣ ስለ ዓለም አቀፍ ሕግና ስለ ታሪካዊ ባለቤትነት ብዙ ብለዋል። ውድ አንባብያን፣ እኔ ዛሬ ላነሣ የምሻው ከሁለቱም ወገን ያልሰማሁትን ጥያቄ ነው፦ ለመሆኑ ይህን የምንሻውን ባሕር እናውቀዋለን ወይ?

ጥያቄው የጠነከረብኝ ለአጭር የጥናት ቆይታ አሜሪካ በነበርሁበት ወቅት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር የዱሮ ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ ሁለት ልጆቹንና ሰማንያ ዓመት የተጠጉ አባቱን ይዞ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ከዋሽንግተን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ባልቲሞር ወሰደን። የባልቲሞር ወደብ የቼሳፒክ ሰላጤ ውኃ ወደ ከተማዋ እምብርት የሚገባበት ስፍራ ነው። በዚያ ወደብ ላይ አንዲት አሮጌ የጦር መርከብና አንድ ታላቅ የባሕር እንስሳት ማሳያ በጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ተራርቀው ይገኛሉ። ልጆቹ ለሻርኩ፣ እኔ ለመርከቧ፣ ሽማግሌው ደግሞ ለሁለቱም ነበር የጓጓነው። አባባ በወጣትነታቸው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል መርከበኛ ነበሩና።

መርከቧ ኮንስቴሌሽን ትባላለች። በ1854 ተሠርታ ወደ ውኃ የገባች፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሸራ ብቻ እንድትጓዝ አድርጎ ካሠራቸው የጦር መርከቦች የመጨረሻዋ ናት። ከ1859 እስከ 1861 በምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ የባሪያ ንግድን ለማገድ የተሰማራው የመርከብ ጓድ መሪ ነበረች፤ በሴፕቴምበር 25 ቀን 1860 ኮራ የተባለችውን የባሪያ መርከብ አሳድዳ ስትይዝ በሆዷ ውስጥ 705 አፍሪካውያን ተገኙ። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን ወደ ተወለዱበት ቀዬ አልተመለሱም፤ ወደ ላይቤሪያ ተወሰዱ። ባሪያ ነፃ ያወጣችው ይህች መርከብ የተሠራችው ደግሞ ባርነት በሕግ በጸናባት በቨርጂኒያ ነበር። በ1880 ደግሞ ረኀብ ለገባባት ለአየርላንድ እህል ጭና ተጉዛለች። እንዲህ ያለ ታሪክ ለአንድ ወገን ኩራት ብቻ አይመችም፤ የሚያኮራውና የሚያሳፍረው በአንድ እንጨት ላይ ተቸንክሮ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። መርከቧ በ1955 ወደ ባልቲሞር ስትመጣ የከተማዋ ሰው በ1797 በዚያው በባልቲሞር የተሠራችው፣ ስመ ጥሩዋና ተመሳሳይ ስም ያላት መርከብ ናት ብሎ ያምን ነበር። በዚህ እምነትም የጥንቷን እንድትመስል ተደርጋ ታደሰች። አንዳንድ የታሪክ ሰዎች «ይህች ሌላ ናት፤ የዚያችኛዋ ዘመን አልፏል» ቢሉ ለዐሥርት ዓመታት የዘለቀ መራራ ክርክር ተነሣ። በ1990ዎቹ ሰነዱና እንጨቱ በጥንቃቄ ሲመረመር እውነቱ የተጠራጣሪዎቹ ሆኖ ተገኘ። ከተማዋ ምን አደረገች? መርከቧን አልጣለቻትም፤ ተረቱንም የሙጥኝ አላለችም። ከ1996 እስከ 1999 በተደረገው እድሳት ወደ እውነተኛው የ1854 መልኳ መለሰቻት። ዛሬ ጎብኚው የሚነገረው ይኸው እውነተኛው ታሪኳ ነው። የሚወዱትን ተረት ለማስረጃ ሲሉ መተው ለግለሰብም ለሕዝብም ከባድ ነው፤ እዚያ ግን ሆኖ አየሁት።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመሠረተ፤ ጣቢያው ምጽዋ፣ የመኰንኖች ኮሌጁ አሥመራ ነበር። ዋናዋ መርከቡ ኦርካ በሚል ስም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ያገለገለች፣ በ1962 ከአሜሪካ ተላልፋ «ኢትዮጵያ» የተባለችው የማሠልጠኛ መርከብ ናት። በዓመቱ የባሕር ኃይል ቀን የአሜሪካም የሶቪየትም የጦር መርከቦች ምጽዋ ላይ እየተጋበዙ በአንድ ወደብ ይቆሙ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናውቃለን። ምክትል አዛዡ ልዑል እስክንድር ደስታ በኖቬምበር 1974 ያለ ፍርድ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ምጽዋ በፌብሩዋሪ 1990 በኤርትራ ግንባር እጅ ገባች፤ ከዚያም በራሳችን አየር ኃይል በቦምብ ተደበደበች። በሜይ 1991 «ኢትዮጵያ» ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993፣ ኤርትራ ነፃነቷን ባወጀችበት በዚያው ዓመት፣ ለብረታ ብረት ተሸጠች። በ1996 ባሕር ኃይሉ ፈረሰ። በ2018 እንደገና ይቋቋማል ሲባል ብዙዎቻችን የተገረምነው ቀድሞ የነበረውን እንኳ ስለ ረሳነው ነው።

አባባ በኮንስቴሌሽን ወለል ላይ ቆመው ገመዱን፣ መልሕቁን፣ መርከበኞች የሚተኙበትን የተንጠለጠለ ሸራ አንድ በአንድ ለልጅ ልጆቻቸው ያስረዱ ነበር። እኛ እያንዳንዱን ነገር «ገመድ» ብቻ ስንል እሳቸው ለየሥራው የተለየ ስም ነበራቸው፤ ከፊሉ እንግሊዝኛ፣ ከፊሉ ጣልያንኛ፣ ከፊሉ ከምጽዋ ዓሣ አጥማጆች የለመዱት። «አባባ፣ ይህን ሁሉ የነገሩት ሰው አለ? ጽፈውታል ወይስ ተቀድቷል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ፈገግ ብለው «የጠየቀኝ ሰው የለም፣ ልጄ። መጀመሪያ ደርግ ጠረጠረን፤ ቀጥሎ የመጣው የደርግ ወታደር ናችሁ አለን፤ አሁን ደግሞ ጓደኞቼ እያለቁ ነው» አሉኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ አበው፤ እኛ የቃሉም የመጽሐፉም ባለቤት ሳንሆን ልንቀር ነው።

ከቀትር በኋላ በ1981 ወደ ተከፈተው የባሕር እንስሳት ማሳያ ገባን። በአንዱ ታላቅ ገንዳ ውስጥ የክንፋቸው ጫፍ በጥቁር ቀለም የተነከረ የሚመስል ሻርኮች ይዞራሉ። አባባ በመስተዋቱ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙ። «ይኼን አውቀዋለሁ፤ ዳህላክ ነው ያየሁት» አሉ። ልክ ነበሩ፤ ይህ የሻርክ ዝርያ በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖሶች የኮራል ዳርቻዎች እንደሚኖር ሁሉ የቀይ ባሕርም ተወላጅ ነው። ቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን የያዘ፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ በሌላ ባሕር የማይገኙ፣ ሙቀት በመቋቋማቸው የዓለምን ሳይንቲስቶች ትኩረት የሳቡ ኮራሎች ያሉበት ባሕር ነው። ይህን ያህል ዘመን ስለ እርሱ ስንከራከር ግን በንግግራችን ውስጥ ዓሣ የለም፣ ኮራል የለም፣ ማዕበል የለም፣ በዳርቻው የሚኖር ሰው እንኳ የለም። ያለው ወደብ፣ ኮንቴይነርና ባንዲራ ነው። አፋሩ ዓሣ አጥማጅ፣ የምጽዋዋ እናት፣ ስለ ባሕሩ ምን ያስባሉ ብሎ የሚጠይቅ ተከራካሪ አላጋጠመኝም።

«ባሕር የሌለው ሕዝብ ባሕርን ባያውቅ ምን ይገርማል?» የሚል ይኖራል። ባለን ውኃ ምን እያደረግን ነው ብዬ እመልሳለሁ። በጣና ሐይቅ በዓለም ላይ ሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ገደማ ታላላቅ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። በ1990ዎቹ አስፋፍተው ያጠኗቸው በዋናነት ከሆላንድ የመጡ ተመራማሪዎች ናቸው፤ የጣናን ስም በዓለም የሥነ ሕይወት መጽሔቶች ያስጠሩትም እነርሱ ናቸው። ከ2011 ጀምሮ እንቦጭ ሐይቁን ሲወርረው ደግሞ ያደረግነው ዘመቻ መጥራት፣ ፎቶግራፍ መነሣት፣ መርሳት ነበር። በባልቲሞር በቆሻሻ ተጎድቶ በነበረው ወደብ ላይ በ2024 የተንሳፋፊ ረግረግ ተክሎች ተዘርግተው፣ ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲያየው ተደርጓል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚለው ተረት በእኛ ላይ በውኃ ብቻ ሳይሆን በዕውቀትም ደርሷል።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ከመጀመሪያው ይልቅ የከበደ። «ሕዝብ እየተራበ፣ ጦርነት እያደቀቀው፣ ስለ አሮጌ መርከብና ስለ ዓሣ ታወራለህ?» ይሉኛል። ሐሳቡን አልንቅም። ሆኖም ጦርነትን ቀላል የሚያደርገው አንዱ ነገር አለማወቅ ነው። ምጽዋ በ1990 ምን እንዳየች ከአፏ የሰማ ሰው ወደብን በጠመንጃ ስለ ማስመለስ በቀላሉ አይዘፍንም። ባሕር ኃይሉ ውስጥ ኤርትራውያንም ያገለግሉ እንደነበር፣ በአንድ መርከብ ላይ አብረው የተኙ ሰዎች በኋላ በተቃራኒ ጎራ እንደተሰለፉ የሚያውቅ ሰው «እነርሱ» እና «እኛ» ሲል ምላሱ ይያዛል። እኔ ኢትዮጵያ የባሕር መውጫ ያስፈልጋታል ከሚሉት ነኝ፤ የሚገኘው ግን በስምምነትና በጥቅም መጋራት ብቻ ነው። ለዚያ ድርድር የሚቀመጥ ሰው ከጎረቤቱ ፊት የሚያቀርበው ዕውቀትና የታመነ ታሪክ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። በመጀመሪያ፣ በሕይወት ያሉ የባሕር ኃይል አባላት፣ በአዲስ አበባም፣ በዋሽንግተንም፣ ፈቃዱ ከተገኘ በአሥመራም፣ ድምፃቸው ይቀዳ። ይህ መርከብ መግዛት አይደለም፤ መቅጃ የያዙ ጥቂት ተማሪዎችና ትዕግሥት ያለው አስተማሪ ይበቁታል። እኔም በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ለመጀመር ዝግጁ ነኝ። ሁለተኛ፣ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉ ፎቶግራፎች፣ ደብዳቤዎችና የሥልጠና መጻሕፍት በአንድ ስፍራ ይሰብሰቡ፤ የሚያኮራውም የሚያሳፍረውም ሳይለይ። ሦስተኛ፣ በባቦጋያ ሠልጥነው በባዕድ መርከቦች ዓለምን የሚዞሩ ወጣቶቻችን ያካበቱት ልምድ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን የውኃ ሳይንስ ጋር ይገናኝ።

ባሕር በር ነገ ሊገኝ ይችላል፤ ለሃያ ዓመትም ላይገኝ ይችላል። ያ በእኛ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የአባባንና የጓዶቻቸውን ቃል መቅዳት ግን በእኛ ብቻ የሚወሰን ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሃያ ዓመት የለንም።

ቸር ይግጠመን።